ጊዜ ሲያጥር ምን ይቅደም?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና የባለሙያዎች መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች የተላኩልን የማይድን ሕመም እንዳለባቸው ከተነገራቸው አንባቢያንና ከቤተሰቦቻቸው ነው። ጠያቂዎቻችን በፈለጉት መሠረት ስማቸው አልወጣም፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናቸዋል። ስለ መድኃኒት የምንለው ሁሉ ከራስዎ ሐኪም ጋር ሲነጋገሩ እንዲጠቅምዎ እንጂ በገዛ ፈቃድዎ መጠን እንዲቀይሩ አይደለም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 43 ነው። የአንጀት ካንሰሬ ወደ ጉበቴ ተሰራጭቷል። ሐኪሜ ከእንግዲህ የምወስደው ኪሞ ዕድሜ ለማራዘም እንጂ ለማዳን እንዳልሆነ ነግሮኛል፤ አማካዩ ዓመት ገደማ ነው ብሎኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ አውሮፕላን ማብረር እመኝ ነበር። አሁን ይህን ማሰብ ቅብጠት ነው? ካልሆነስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ቅብጠት አይደለም። ደግሞም ጥያቄውን በጥሩ ጊዜ ነው ያነሡት፤ ገና በእግርዎ እየሄዱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቁጥሩ። በሕክምና «አማካይ ዕድሜ» ሲባል ብዙ ጊዜ ከታማሚዎቹ ግማሾቹ ከዚያ በታች፣ ግማሾቹ ደግሞ ከዚያ በላይ ኖሩ ማለት ነው። ከዚያ በላይ የኖሩት ምን ያህል እንደኖሩ ቁጥሩ አይናገርም። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ስቲቨን ጄይ ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1982 እምብዛም የማያጋጥም የሆድ ዕቃ ሽፋን ካንሰር ተገኘባቸው፤ የሕመሙ አማካይ 8 ወር ነበር። እሳቸው ግን 20 ዓመት ኖረው በ2002 በሌላ ካንሰር ሞቱ። ይህን ያነሣነው ተስፋ እንዳይቆርጡ ነው፤ ቀጠሮ ለመያዝ ግን አይሆንም። ክሪስታኪስና ላሞንት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት 468 ለሞት የተቃረቡ ታማሚዎችን ተከታትለው ነበር። ከሐኪሞቹ ግምት ትክክል ሆኖ የተገኘው 20 በመቶው ብቻ ነው፤ 63 በመቶው ከእውነታው የረዘመ ነበር። ስለዚህ ረጅሙን ይመኙ፣ ፕሮግራምዎን ግን በአጭሩ ይያዙ።

ሌላም ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። በተሰራጨ ካንሰር የሰው አቅም ብዙ ጊዜ በየቀኑ እኩል እያነሰ አይሄድም። ለረጅም ጊዜ ደህና ሆኖ ይቆይና በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ወራት በፍጥነት ይወርዳል። «ትንሽ ልሻልና» የሚለው ቃል ከማንኛውም ነገር በላይ ብዙ ሕልም ያስቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ አውሮፕላኑ። የበረራ ሕልም ስንል ቢያንስ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፤ መሪውን በገዛ እጅ መያዝ፣ ከላይ ሆኖ ምድርን ማየት፣ ወይም ማሽኑን ማወቅና ማዘዝ። የእርስዎ የትኛው ነው? የሦስቱም መንገድ ስለሚለያይ ይህን ሳይመልሱ ስልክ አይደውሉ።

መሪ መያዝ ከሆነ ብዙ የበረራ ትምህርት ቤቶች የሙከራ ትምህርት የሚሉት አለ። መቆጣጠሪያው ለሁለት ሰው የተሠራ ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ አስተማሪው አጠገብዎ ተቀምጦ ያስነሣል፣ ያሳርፋል፤ አየር ላይ ከወጡ በኋላ መሪውን ለእርስዎ ይሰጥዎታል። ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ነው። ፈቃድ ለማውጣት የሚጠየቀው የጤና ምስክር ወረቀት ለሙከራ ትምህርት በብዙ ቦታ አይጠየቅም፤ ቢሆንም ሕመምዎንና የሚወስዱትን መድኃኒት ለአስተማሪው አይደብቁ። ማየት ከሆነ ከአብራሪው ጎን መቀመጥ ይበቃል። የሞቃት አየር ባሉን ቢያምርዎት ግን ይጠንቀቁ፦ አንድ ሰዓት ያህል መቆም ይጠይቃል፣ ሲያርፍም በኃይል ያናውጣል፤ ካንሰሩ ወደ አጥንት ከደረሰ አይሞከርም። ማሽኑን ማዘዝ ከሆነ የበረራ ማስመሰያ ክፍል በብዙ መንገድ የተሻለ ነው፤ ሲደክምዎ ወዲያው ሊቆም ይችላል።

ሐኪምዎን እነዚህን ይጠይቁ። የደም ማነስ አለብኝ? በትላልቅ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ስለሚመሳሰል መሬት ላይ ትንፋሽ የማያጥረው ሰው እዚያ ሊያጥረው ይችላል። በቅርቡ የአንጀት ቀዶ ሕክምና አድርጌያለሁ ወይስ አንጀቴ የመዘጋት ምልክት አለው? ከፍታ ሲጨምር በሆድ ውስጥ ያለ ጋዝ ይሰፋል። በሆድዎ ላይ የሰገራ ከረጢት ካለ ከመነሣትዎ በፊት ባዶ ያድርጉት፣ ተለዋጭም ይያዙ። ካንሰሩ አንጎል ደርሷል? እንዲያ ከሆነ የሚጥል በሽታ ሊነሣ ስለሚችል መሪ መያዝ አይገባም። ሞርፊን የሚባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ በቅርቡ ከተጀመረ ወይም ከተጨመረም እንዲሁ፤ ሰውነት እስኪለምደው ድረስ ያንቀላፋል።

ቀኑን በኪሞው ዑደት ይምረጡ። አብዛኛው ሰው ከኪሞ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ይዝላል፤ ከሚቀጥለው ዙር በፊት ያሉት ሁለት ሦስት ቀናት ደግሞ የተሻሉ ናቸው። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አቅምዎን ከ10 እየሰጡ ይመዝግቡ፤ የራስዎ ጥሩ ሰዓት ይታይዎታል። ለሕልሙ ያንን ሰዓት ይስጡት። በዋዜማው ቀን ዕረፍት ያድርጉ፣ ማግስቱን ባዶ ይተዉት። በተሳፋሪነት ብቻ የሚሄዱ ከሆነና ለድንገተኛ ሕመም የታዘዘልዎ የሚዋጥ ፈጣን ሞርፊን ካለዎ፣ ለመሥራት 30 ደቂቃ ያህል ስለሚፈልግ ከመነሣትዎ በፊት መውሰድ ይችሉ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ሕመሙ ከመጣ በኋላ መሯሯጥ ቀኑን ያበላሻል።

አየር ጠባይ ይሰርዝብዎ ይሆናልና ከመነሻው ሁለት ቀን ያስይዙ። አብረዎት የሚሄዱ ሰዎች ከሁለት አይብለጡ። ዘመድ ሁሉ ልሸኝ ሲል ታማሚው አስተናጋጅ ሆኖ ይውላል፤ ደክሞት የሚመለሰውም በበረራው ሳይሆን በሰዉ ነው።

ጥያቄ፦ የ37 ዓመት እናት ነኝ። የጡት ካንሰሬ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል። የ4 ዓመት ወንድ ልጅና የ9 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ለሁለቱም 18 ዓመት እስኪሞላቸው በየልደታቸው የሚከፍቱት ደብዳቤ መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ ሦስተኛው ላይ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ልጆቼ መታመሜን ያውቃሉ፤ እንደምሞት ግን አልነገርኳቸውም።

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ብንቆጥረው 14 ለወንዱ፣ 9 ለሴቷ፣ በድምሩ 23 ደብዳቤ ነው። ያቆመሽ ስንፍና አይደለም። የማታውቂው የ16 ዓመት ልጅ ፊትሽ ስለተቀመጠ ነው። ለማናውቀው ሰው ስንጽፍ ምክር ብቻ ነው የሚወጣን፤ ምክሩም ከደብዳቤ ደብዳቤ ይደገማል። ሌላም ችግር አለው። ተከታታዩ መሐል ላይ ቢቋረጥ ልጆች የጎደለውን ይቆጥራሉ። ባይቋረጥም ልደታቸው በየዓመቱ የሐዘን ቀን ይሆናል፤ አንዳንድ ልጅ ፖስታውን መክፈት እየፈራ የሚያድገው ለዚህ ነው።

የጻፍሻቸውን ሁለቱን አስቀምጪ፤ የቀረውን 21 ግን ተዪው። በምትኩ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ደብዳቤ ይበቃል። አንዱ በማንኛውም ጊዜ የሚነበብ፣ ሌላው «ከባድ ቀን ሲመጣ» የሚል። ፖስታው ላይ ዕድሜ አትጻፊ፤ «ዝግጁ ስትሆኚ» በዪ። ሠርግ፣ ምረቃ፣ የመጀመሪያ ልጅ የሚሉ ርዕሶችንም ተዪ። ያላገባች ወይም ያልወለደች ልጅ ያልተከፈተ ፖስታ ይዛ እናቷን ያሳዘነች እንዳይመስላት።

አንድ ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ በአንድ ቁጭታ ከ20 ደቂቃ በላይም አትጻፊ። የምትጀምሪው በምክር ሳይሆን ባየሽው ነገር ይሁን። «ጎበዝ ተማሪ ሁኚ» የሚለውን ማንም ሊላት ይችላል። «ጫማሽን ስታስሪ ምላስሽን በከንፈርሽ ጥግ ብቅ ታደርጊያለሽ፤ ሳይሽ ሥራዬን ትቼ እቆማለሁ» የሚለውን ግን ካንቺ በቀር የሚጽፍላት የለም። እንደዚህ ያለ አምስት መስመር ካለ ደብዳቤው ሞልቷል።

መጻፍ የሌለባቸውም አሉ። «ሐኪም ሁን» አትበዪው፤ የሟች ቃል አይሻርምና ዕድሜውን ሁሉ ሊያስረው ይችላል። «ወንድምሽን አደራ» የሚል ቃል በ9 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ አይጫን፤ ለወንድሟ የሚሆን አዋቂ ሰው በስም ይታወቅ፣ እሷም ትወቀው። የቤተሰብ ምስጢርና ወቀሳ በደብዳቤ አይገለጥ፤ ልጁ መልሶ ሊጠይቅሽ አይችልምና። በተቃራኒው ፈቃድ የሚሰጥ ቃል አይቅር፦ መሳቅ እናትን መርሳት አይደለም፣ ሌላ አሳዳጊን መውደድም ክህደት አይደለም። ከሁሉ በፊት ይህችን መስመር ጻፊ።

ከደብዳቤው ይልቅ ልጆች ሲያድጉ አጥብቀው የሚፈልጉት አንድ ነገር አለ፤ ስለ ራሳቸው አንቺ ብቻ የምታውቂው መረጃ። ለእያንዳንዳቸው ትንሽ ደብተር ያዢ። የተወለዱበት ሰዓት፣ ስማቸውን ማን እንዳወጣውና ለምን፣ የመጀመሪያ ቃላቸው፣ የታመሙት ሕመም፣ የማይስማማቸው መድኃኒት፣ ሲያለቅሱ ምን ያባብላቸው እንደነበር። እዚሁ ላይ የቤተሰቡ የጤና ታሪክም ይግባ። በተለይ ጡት ካንሰር በወጣትነት ሲመጣ ብራካ 1 እና ብራካ 2 በሚባሉት፣ ከወላጅ በሚወረሱ ጂኖች ላይ ባለ ለውጥ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ለውጡ ለወንድ ልጅም ሊተላለፍ ይችላል። ምርመራው ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ መልስ የሚሰጠው በታመመችው ሰው ላይ ሲደረግ ነው። ስለዚህ ምርመራውን ማግኘት የምትችይ እንደሆነ ሐኪምሽን አሁን ጠይቂ። ውጤቱን በወረቀት አስቀምጪላቸው። ለልጅሽ ሕይወት ከማንኛውም ደብዳቤ በላይ የሚጠቅማት ይህ ሊሆን ይችላል።

ድምፅሽንም ቅጂ። ልጅ ደጋግሞ የሚሰማው ንግግር ሳይሆን የተለመደውን ነው፤ ተረት ስታነቢ፣ እሹሩሩ ስትዪ፣ በቁልምጫ ስሙ ስትጠሪው። ቪዲዮ ከሆነ ስልኩን አግድመሽ ደገፍ አድርጊው፤ ከፊትሽ አንድ ሜትር ያህል ይራቅ። መስኮቱ ከኋላሽ ሳይሆን ከፊት ለፊትሽ ይሁን፤ ብርሃን ከኋላ ሲመጣ ፊት ይጠቁራል። ማራገቢያና ማቀዝቀዣ ይጥፉ፣ ስልኩ በበረራ ሞድ ይሁን፤ በመሐል የሚገባ ጥሪ ቀረጻውን ሊያቋርጠው ይችላል። አምስት ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ቀኑን ተናገሪ።

ከዚያ በኋላ ያለው አያያዝ ነው ብዙ ሰው የሚዘነጋው። ፋይሉን በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ተራ ቪዲዮ ብትልኪው ጥራቱ ይወርዳል፤ «ፋይል» ወይም «ዶክመንት» ብለሽ ላኪው። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ ለምሳሌ በሃርድ ዲስክና በክላውድ (በኢንተርኔት ላይ ባለ ማስቀመጫ)፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ። ፍላሽ ለማቀበል እንጂ ለ15 ዓመት ማስቀመጫ አይታመንም። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ሁሉ ወደ አዲስ ዕቃ የሚገለብጠው ሰው በስም ይታወቅ። ወረቀቱ አሲድ የሌለው ቢሆን ይመረጣል። ላስቲክ አትሰሪበት፣ ፕላስተርም አትለጥፊበት፤ ሁለቱም ሲያረጁ ወረቀቱን ያበላሹታል። እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሺው።

አሁን የከበደሽ ነገር፤ ለልጆቹ መንገር። የ4 ዓመት ልጅ ሞት የማይመለስ መሆኑ አይገባውም፤ ከነገርሽው በኋላም «መቼ ትመጪያለሽ?» ይላል፤ ደጋግመሽ በተመሳሳይ ቃል መልሺለት። የ9 ዓመቷ ይገባታል፤ ምናልባትም ጠርጥራ ይሆናል። ሁለቱም ግን «እኔ ስላጠፋሁ ነው» ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። «መሞት» የሚለውን ቃል ተጠቀሚ። «እተኛለሁ» ካልሽ እንቅልፍ ይፈራሉ፤ «ሩቅ እሄዳለሁ» ካልሽ በር በሩን ሲያዩ ይኖራሉ፣ ጥላን ሄደች ብለውም ይቀየማሉ። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ሕመሜ በጣም ከባድ ነው። ሐኪሞቹ እየረዱኝ ነው፤ ግን ሊያድኑኝ አይችሉም። ስለዚህ እሞታለሁ። ዛሬ ግን አይመስለኝም። እናንተ ባደረጋችሁት ወይም በተናገራችሁት የመጣ አይደለም፤ አይተላለፍባችሁም። የሚያሳድጋችሁ እገሌ ነው።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ከመናገርሽ በፊት እገሌ ማን እንደሆነ ተስማምታችሁ ጨርሱ። ከተነገራቸው በኋላ ሮጠው ወደ ጨዋታ ቢሄዱ አትደንግጪ፤ ልጅ ሐዘንን በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚወስደው። ለመምህራቸውም አሳውቂ።

ይህ ከተነገረ በኋላ ሥራው ለብቻሽ አይሆንም። ልጅሽ ጥያቄ አዘጋጅታ ስልኩን ይዛ ትጠይቅሽ፣ ትንሹ እጁን በቀለም ነክሮ ከእጅሽ ጎን ያትም። ከ23 ደብዳቤ ይልቅ ይህን ያስታውሱታል።

ጥያቄ፦ ሐኪሜ ወደ ፓሊየቲቭ ኬር ክፍል ላከኝ። ተስፋ ቆረጡብኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፓሊየቲቭ ኬር ሕመምን፣ ትንፋሽ ማጠርን፣ ማቅለሽለሽንና ጭንቀትን የሚያስታግስ እንክብካቤ ነው፤ ከኪሞ ጎን ለጎን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ካለባቸው 151 ሰዎች መካከል ይህን እንክብካቤ ገና ከመጀመሪያው ያገኙት አማካይ 11.6 ወር ሲኖሩ፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ያገኙት 8.9 ወር ኖረዋል፤ የድብርት ምልክታቸውም ያነሰ ነበር። ስለ ሕልምዎና ስለ ጉዞዎ የሚያወያዩትም የዚህን ክፍል ባለሙያዎች ነው። «ከሕክምናው ምን ይጠብቃሉ?» ሲሉዎት «መዳን» ብቻ ብለው አይለፉ፤ «በዚህ ወር እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ እፈልጋለሁ» ይበሏቸው። አንድ የኪሞ ዙር ለሳምንት መግፋት ይቻል እንደሆነ የሚታየው ይህን ሲያውቁ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 52 ዓመቱ ነው። ጡንቻን የሚያዝዙት ነርቮች እየሞቱ የሚሄዱበት ኤኤልኤስ የሚባል ሕመም ይዞታል። ከልጅነቱ የሬድዮ ተራኪ መሆን ይመኝ ነበር፤ አሁን ተረቶችን በድምፁ ቀርፆ ለልጅ ልጆች መተው ይፈልጋል። ማታ ማታ ግን ምላሱ ይተሳሰራል።

መልስ፦ በዚህ ሳምንት ይጀምር። በዚህ ሕመም የሄደ ድምፅ አይመለስም። ማታ መተሳሰር ከጀመረ ጠዋት ያለው ድምፅ ነው የቀረው ሀብት።

ሁለት ዓይነት ሥራ አለ፤ አይምታታብዎ። አንደኛው የራሱን ንግግር እንዳለ መቅረጽ ነው፦ ስሞች፣ «ነይ እስቲ»፣ «አመሰግናለሁ»፣ «ጀርባዬን እኪኝ»፣ ቁጣው፣ ሳቁ። ኋላ መናገር ሲያቅተው በስልክ ወይም በታብሌት እየነካ ያሰማቸዋል። ሁለተኛው ኮምፒውተር ድምፁን አስመስሎ ማንኛውንም ጽሑፍ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ይህ ሶፍትዌሩ ቋንቋውን ማወቁ ላይ ስለሚወሰን፣ ሰዓታት ከመፍጀትዎ በፊት አማርኛ ይችል እንደሆነ ያረጋግጡ። የመጀመሪያው ግን በየትኛውም ቋንቋ ይሠራል፤ ስለዚህ እሱ ይቅደም።

ማይኩ ከአፉ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ይራቅ፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን፣ አለበለዚያ «ጰ» እና «ፐ» ሲል አየሩ ይፈነዳል። መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ክፍል ይመረጣል። ፋይሉ ዌቭ (WAV) የሚባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት ይሁን፣ 44.1 ኪሎ ኸርዝ፣ 16 ቢት። ድምፅ የሚያጠራ ማጣሪያ አይክፈቱ፤ ዋናው ቅጂ እንዳለ ይቀመጥ፣ ማጽዳት በኋላ በግልባጩ ላይ ይደረጋል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀርፆ ይረፍ። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ትንፋሹ ያግዘዋል።

ተረቱን በረጅሙ አይጀምር። ብዙ ሰው የሚወደውን ትልቁን ታሪክ አንሥቶ ግማሽ ላይ ድምፁ ያልቅበታል። አጫጭሮቹ ይቅደሙ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ፋይል ይሁን፤ በማንኛውም ቀን ቢቆም የተሟላ ነገር ይተርፋል። ረጅሙ ከመጣ መግቢያውንና መጨረሻውን እሱ ይበል፣ መሐሉን ልጁ ወይም እርስዎ ያንብቡ። ቃል ሲሳሳት አያስደግሙት። የተንተባተበበትም ቢሆን የሱ ነው።

በዚህ ሕመም አንዳንዱ ሰው ምንም ሳያዝን በድንገት እንባው ይፈሳል፣ ወይም ሳያስቀው ይስቃል። ከነርቩ የሚመጣ ነው፤ መድኃኒትም አለው። መቅረጫውን አጥፍተው ይጠብቁ፣ ሲያልፍ ይቀጥሉ። «አስጨነቅነው» ብላችሁ ሥራውን አታቋርጡበት። ደግሞ የድሮ ስልኮችንና የሠርግ ቪዲዮዎችን ይፈትሹ፤ ከሕመሙ በፊት የነበረው ድምፅ እዚያ አለ።

ጥያቄ፦ አባቴ 74 ዓመታቸው ነው፤ የቆሽት ካንሰር አለባቸው። ቤተሰቡ ተማክሮ አልነገርናቸውም። የሕይወት ታሪካቸውን ልቀርጽ እፈልጋለሁ፤ «ምነው ዛሬ?» ቢሉኝ ምን እላለሁ?

መልስ፦ ሰውነታቸው ነግሯቸዋል። ልብሳቸው ሲሰፋ፣ ልጆቻቸው በሹክሹክታ ሲያወሩ እያዩ ነው። እናንተ ለእሳቸው ስትሉ ዝም ብላችኋል፤ እሳቸውም ለእናንተ ብለው ዝም ብለው ይሆናል። በዚህ መሐል ሊናዘዙት፣ ሊያስታርቁት፣ ሊያዩት የፈለጉት ነገር እንዳይቀርባቸው።

በአንድ ጊዜ ሁሉን አትንገራቸው። መጀመሪያ ጠይቅ፦ «አባባ፣ ሕመምዎን እንዴት ነው የሚያዩት?» ቀጥሎም «ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ ማወቅ ይፈልጋሉ ወይስ እኛ እንከታተለው?» በል። «እናንተ ያዙት» ካሉ ውሳኔው የሳቸው ነው፤ አክብረው። «ንገረኝ» ካሉ ሐኪሙ ባለበት ይነገራቸው። በቀጥታ ከጠየቁህ ግን አትዋሽ። ለቀረጻው ሰበብ መፍጠርም አያስፈልግም፤ «ልጆቼ ከአፍዎ እንዲሰሙት እፈልጋለሁ» እውነት ነው፣ ይበቃልም።

ካናዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሃርቪ ቾቺኖቭ ያዘጋጁት «የክብር ሕክምና» የሚባል ዘዴ አለ፤ ለዚህ ሥራ ጥሩ መንገድ ይጠርጋል። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይጠየቃሉ፣ ቃላቸው በጽሑፍ ይገለበጣል፣ ይስተካከላል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለራሳቸው ይነበብላቸዋል፣ አርመው ለፈለጉት ሰው ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከታተመው የ100 ታማሚዎች ጥናት 91 በመቶው ደስተኛ መሆናቸውን፣ 76 በመቶው የክብር ስሜታቸው መጨመሩን ተናግረዋል። በ2011 የወጣው ሰፋ ያለ ጥናት ግን ጭንቀትን ከሌላው እንክብካቤ ይበልጥ እንደሚቀንስ አላሳየም። ስለዚህ ድብርት ካለባቸው ድብርቱ ለብቻው ይታከም።

ጥያቄዎችህ ክፍት ይሁኑ። በሕይወትዎ ይበልጥ የሚያስታውሱት የቱን ነው? ሙሉ ሰው የሆንኩበት ጊዜ የሚሉት መቼ ነው? የሚኮሩበት ሥራ ምንድን ነው? ልጅ ሳሉ ምን መሆን ይመኙ ነበር? ለማን ምን ማለት ይቀርዎታል? ከዚያ ዝም በል። ዓመተ ምሕረት ቢሳሳቱ አታርማቸው፤ ኋላ በግርጌ ትጽፈዋለህ። በሕይወት ያለ ሰው የሚጎዳ ነገር ከተናገሩ፣ ጽሑፉ ሲነበብላቸው «ይህን እገሌ ቢያነበው ይወዳሉ?» ብለህ ጠይቃቸው። አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ያለዝቡታል። ጽሑፉ ሳይነበብላቸው ከቀረ ግን ያ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ለቤተሰብ ይደርሳል፤ ስለዚህ ግልበጣውን በሳምንት ውስጥ ጨርስ።

ጥያቄ፦ ልጅ የለኝም፣ የታወቀ ሥራም አልሠራሁም። ምን እተዋለሁ?

መልስ፦ የሚያውቁትን ሥራ ይተዉ። እጅዎ የለመደውን አንድ ነገር ይምረጡ፤ ልብስ ስፌት ይሁን፣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ወይም ችግኝ ማዳቀል። አንድ ተማሪ ይፈልጉ። ለአራት ቀን በየቀኑ አንድ ሰዓት፤ በመጀመሪያው እርስዎ እየሠሩ ያብራሩ፣ በሁለተኛው አብራችሁ ሥሩ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው እሱ ሲሠራ ዝም ብለው ይዩና የሚሳሳትበትን ብቻ ያርሙ። አራተኛው ቀን ላይ እጅን መሰብሰብ ይከብዳል፤ ትምህርቱ ያለው ግን እዚያ ነው። ያላለቀ ሥራ ካለዎ ደግሞ አንዱን ብቻ መርጠው ቀሪውን በስም ለሚጨርሰው ሰው ያስረክቡ። ዕዳና ቂምም እንደዚሁ ነው፤ የሚከፈለውን ይክፈሉ፣ ይቅርታ የሚጠየቀውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ፎቶዎቼና ጽሑፎቼ ሁሉ ስልኬ ውስጥ ናቸው። ከሞትኩ በኋላ ቤተሰቤ እንዴት ያገኛቸዋል?

መልስ፦ ካላዘጋጁት ላያገኙት ይችላሉ። ጎግል ላይ «የቦዘነ አካውንት አስተዳዳሪ» የሚለውን ይክፈቱ፤ አካውንቱ ለ3፣ 6፣ 12 ወይም 18 ወር ካልተነካ እስከ 10 ለሚደርሱ የመረጧቸው ሰዎች እንዲገለጥ ያዛሉ። በአፕል ስልክ አይኦኤስ 15.2 ከሚባለው የስልኩ ሶፍትዌር ዕትም ጀምሮ ወራሽ ሰው መሰየም ይቻላል፤ ያ ሰው ግን የሚሰጠውን የቁልፍ ኮድና የሞት ማስረጃ ማቅረብ አለበት፣ ስለዚህ ኮዱን አትመው ይስጡት። ፌስቡክም የራሱ ምርጫ አለው፤ የሚሰየመው ሰው ገጽዎን ይይዛል እንጂ የግል መልእክትዎን አያነብም። የስልኩን የመክፈቻ ቁጥር በታሸገ ፖስታ ለአንድ የሚያምኑት ሰው ይስጡ፤ ቁጥሩን በቀየሩ ቁጥር ፖስታውንም ይቀይሩ። ሲሙም ቶሎ እንዳይዘጋ ይንገሯቸው፤ የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በዚያ ቁጥር ነውና።